«ኤ» ያገኘ ኮድ፣ የተሳሳተ ሞዴል

ስክሪኑ ላይ ያለው ፋንክሽን ስድስት መስመር ብቻ ነው። ሥራው የቤት ኪራይ የሚገምት ሞዴል ማሠልጠን ነው። የ64 ቤቶችን መረጃ ይቀበላል፤ ሞዴሉን ያስገምታል፤ ግምቱን ከእውነተኛው ኪራይ ጋር ያቀናንሳል፤ ልዩነቱን በራሱ ያባዛል፤ አማካዩን ይወስዳል፤ በመጨረሻም ሞዴሉ በዚያ መሠረት ራሱን እንዲያርም ያዛል። «እንዲህ ከሆነ እንዲያ» የሚል ቅርንጫፍ የለበትም፣ ሉፕም የለበትም። ስሞቹ ግልጽ ናቸው። ራዶን የሚባለው የፓይተን ኮድ መመዘኛ ሲፈትሸው ውስብስብነቱን 1 ይለዋል፤ ከዚህ በታች የሚሰጠው ቁጥር የለም። ደረጃውም ኤ ነው።

ሥልጠናው ይጀመራል። የስህተቱ መጠን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፣ ፕሮግራሙም አይቋረጥም። ሞዴሉ ሲፈተን ግን ለባለ አንድ ክፍሉም ለቪላውም የሚጠራው ኪራይ ያው ነው፤ የቤቶቹ ሁሉ አማካይ።

ጉዱ ያለው የመቀነስ ምልክቷ ላይ ነው። የሞዴሉ ግምት የሚመጣው 64 ረድፍና 1 ዓምድ ባለው ሰንጠረዥ ሲሆን፣ እውነተኛው ኪራይ ደግሞ 64 ቁጥሮች የተደረደሩበት ተራ ዝርዝር ነው። ለሰው ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ኑምፓይና ፓይቶርች የሚባሉት የፓይተን ላይብረሪዎች ግን ቅርጻቸው ያልገጠመ ሁለት ነገሮች ሲቀናነሱ፣ ደንባቸው የሚፈቅድ ከሆነ ዝም ብለው ይለጥጧቸውና ያገጥሟቸዋል። በዚህ የተነሳ ውጤቱ 64 ልዩነቶች መሆኑ ቀርቶ 64 በ64፣ ማለትም 4096 ልዩነቶች ይሆናል። የእያንዳንዱ ቤት ግምት ከራሱ ኪራይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሌሎቹ 63 ቤቶች ኪራይ ጋርም ይነጻጸራል። እንዲህ ያለውን ስህተት ከሁሉ የሚያሳንሰው መልስ ለሁሉም አማካዩን መጥራት ነው፤ ሞዴሉም ይህንኑ በትክክል ተማረ። ፓይቶርች ራሱ ያዘጋጀው የስህተት ማስያ ቅርጾቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ያስጠነቅቃል። ቀመሩን በእጁ የጻፈውን ሰው ግን የሚያስጠነቅቀው የለም።

ኮድ ምን ያህል የተወሳሰበ እንደሆነ፣ ነገ ሌላ ሰው ገብቶ ሊያስተካክለው ይችል እንደሆነ በቁጥር ለማወቅ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ደክመዋል። ያገኟቸው መለኪያዎች ዋጋ ቢስ አይደሉም፤ እኔም እንዲጣሉ አልፈልግም። ነገር ግን ማሽን ለርኒንግ ችግሩን ከሚቆጠርበት ቦታ አንሥቶ ወደማይቆጠርበት አዛውሮታል። መለኪያዎቹ የቀሩት በድሮው ቦታ ነው።

ከ16 እስከ 64

የመጀመሪያውን ታዋቂ መለኪያ ያቀረበው በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ባለሙያ ቶማስ ማኬብ ነው፤ ዘመኑ 1976 ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማኬብን አንድን ፕሮግራም በመስመሮቹ ብዛት መለካት አላረካውም። ሃምሳ መስመር ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ሃያ አምስት ጊዜ ሊገነጠልም ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የመንገድና የመጋጠሚያ ሥዕል አድርጎ ወሰደውና ከግራፍ ቲዎሪ አንድ ቁጥር ተዋሰ። በተግባር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፋንክሽኑ ውስጥ ስንት ቦታ ላይ ውሳኔ እንዳለ ተቆጥሮ 1 ይደመርበታል። ከ10 ያለፈ ፋንክሽን እንዲከፋፈል መከረ፤ 10 ግን የተለየ ምሥጢር ያለው ቁጥር እንዳልሆነ ራሱ አስታውቋል።

በዚያው ጽሑፉ የሚያወሳው አንድ ገጠመኝ አለ። ከአንድ ትልቅ የግራፊክስ ሥርዓት የተወሰዱ 24 የፎርትራን ንዑስ ፕሮግራሞች ያሉበት ቴፕ ይሰጠዋል። ለክቶ ሲጨርስ ከመካከላቸው አሥሩ ከ16 እስከ 64 የሚደርስ ቁጥር አወጡ። አስተማማኝነት ወሳኝ በሆነበት ሥርዓት ይህን ማየቱ ስላሳሰበው ውጤቱን ይዞ ወደ ሠሪዎቹ ሄደ። የነገሩት ነገር ያልጠበቀው ነበር፤ ለካ በቴፑ ላይ ያሉት ቀድሞውንም ያስቸገሯቸው ንዑስ ፕሮግራሞች ኖረዋል። ሠሪዎቹ በአስተማማኝነት የሰጧቸው ቅደም ተከተልና የማኬብ ቁጥር የሰጠው ቅደም ተከተል በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ገጠመኝ የምወደው ቁጥሩ ሥራውን በአግባቡ ሲሠራ ስለሚያሳይ ነው። ቁጥሩ በማንም ላይ አልፈረደም። ከሰዎቹ ልምድ ጎን ተቀምጦ ተነጻጸረ፤ ከዚያም ታመነ።

ከማኬብ በኋላ ሌሎችም መጡ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ሞሪስ ሃልስቴድ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ኮድን እንደ ጽሑፍ ቆጠረው፤ ስንት ዓይነት ምልክት፣ ስንት ዓይነት ስም፣ እያንዳንዱስ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፖል ኦማንና ጃክ ሃግማይስተር ሁለቱን ከመስመር ብዛት ጋር አዋሕደው የጥገና ምቹነት ጠቋሚ የሚባለውን ቀመር ሠሩ። ከ171 ይነሣል፤ ከዚያ የሃልስቴድ መጠን፣ የማኬብ ቁጥርና የመስመሮቹ ብዛት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ማባዣ ይቀነሱበታል። ማባዣዎቹ የተገኙት በሂውሌት ፓካርድ ከተሠሩ፣ በሲና በፓስካል ከተጻፉ ጥቂት ፕሮግራሞችና መሐንዲሶች ስለነርሱ ከሰጡት አስተያየት ነው። ማይክሮሶፍት ቆየት ብሎ ቀመሩን ከ0 እስከ 100 አድርጎ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ አስገባው፤ 20ና ከዚያ በላይ ያመጣ ኮድ አረንጓዴ ምልክት ያገኛል። ራዶንም ከዚሁ የወጣ ቀመር ለፓይተን ያሰላል። ዛሬ ባለ ብዙ ቢሊዮን ቁጥሮች ሞዴል የሚያሠለጥን ኮድ አረንጓዴ ሲያገኝ፣ ከጀርባ ሆነው የሚፈርዱለት በፓስካል ዘመን የተሰሉ ማባዣዎች ናቸው ማለት ነው።

ትችቱም አልዘገየም። ማርቲን ሼፐርድ በ1988 የማኬብ ቁጥር በአብዛኛው የመስመር ብዛትን በሌላ ስም ከመጥራት እንደማያልፍ፣ ብዙ ጊዜም የመስመር ብዛት ራሱ የተሻለ እንደሚተነብይ ጻፈ። የዴልፍት ዩኒቨርሲቲው አሪ ቫን ዴርሰን ደግሞ በጠቋሚው ላይ ያነሣው ቅሬታ ይበልጥ ይገዛኛል። ጠቋሚው በአማካይ ላይ ይመሠረታል፤ አማካይ ደግሞ ይደብቃል። አንድ ሺህ ትንንሽና ቀላል ፋንክሽኖች ባሉበት ሥርዓት ውስጥ ሦስት አስፈሪ ፋንክሽኖች ቢኖሩ አማካዩ ንቅንቅ አይልም።

ፀሐይን በ12 መንገድ

መለኪያው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው ለማሳየት የእኛኑ ፊደል የሚነካ አንድ ሥራ ልውሰድ። የአማርኛ ጽሑፍ ለሞዴል ያዘጋጀ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ወደ አንድ የማምጣት ሥራ ነው። ፀሐይ የሚለው ቃል መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ ደግሞ ከሐ፣ ከሀ፣ ከኀ፣ ከሓ፣ ከሃና ከኃ አንዱ። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። ለአንባቢ ሁሉም ያችው ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒውተር ግን 12 የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው።

ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባት ሰባት ዘራቸው ማምጣት 35 ደንብ ይፈልጋል፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ሲጨመርበት 37። ጀማሪ ፕሮግራመር ይህን አንድ በአንድ «ፊደሉ ይህ ከሆነ በዚያ ተካ» እያለ ይጽፈዋል። ከሉፑ ጋር የማኬብ ቁጥሩ 39 ይሆናል፤ ራዶን ኢ ይሰጠዋል፣ ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማለት ነው። ልምድ ያለው ፕሮግራመር ደግሞ 37ቱን ጥንዶች በሰንጠረዥ ያስቀምጥና ፓይተን ጽሑፉን በሰንጠረዡ መሠረት እንዲቀይር በአንድ መስመር ያዛል። ቁጥሩ 1፣ ደረጃው ኤ። ዩኒኮድ የግእዝ ፊደላትን እያንዳንዱን ዘር በስምንት በስምንት ቦታ ከፋፍሎ ስለደረደረ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ለፀ ዘር ከኮዱ 8 መቀነስ፣ ለሠ ዘር 16 መደመር። ይህም ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው፤ ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው ግን 8ቷና 16ቷ ከየት እንደመጡ አይገባውም።

ሰንጠረዡ የተሻለ ኮድ መሆኑን አልክድም፤ መለኪያውም በዚህ ልክ ነው። ሆኖም 37ቱ ውሳኔዎች የትም አልሄዱም። ከኮድ ወደ ዳታ ተዛወሩ፤ ቆጣሪው ደግሞ ዳታ አይቆጥርም። ከሰንጠረዡ አንዱ ጥንድ ቢጎድል ወይም ቢገለበጥ ደረጃው ያው ኤ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ውሳኔ ደግሞ ፈጽሞ አያየውም፤ ሥዕል የሚስለውን ሠዓሊና በምልጃ የሚለምነውን ሰአሊ ወደ አንድ እናምጣቸው ወይስ ለይተን እናስቀምጣቸው? ይህ የቋንቋ ውሳኔ ነው። ማን ወሰነው? ለምን? ከሁለት ዓመት በኋላ ኮዱን የሚረከበው ሰው ከማንኛውም የቅርንጫፍ ብዛት ይልቅ ይህን ማወቅ ይፈልጋል።

ነገሩን አንድ እርምጃ እንግፋው። ሞዴሉ ሠለጠነና በስልክ መተግበሪያ ላይ ሊውል ነው እንበል። የመተግበሪያው ሰዎች የሚጽፉት በጃቫስክሪፕት ስለሆነ ሰንጠረዡን እንደገና ጻፉት፤ 36 ጥንድ ሆነ፣ ኣን ወደ አ የሚያመጣው ተረሳ። ከአሁን በኋላ ተጠቃሚው በኣ የጻፈው ቃል ሁሉ ሞዴሉ በሥልጠና ጊዜ አንዴም አይቶት በማያውቀው መልክ ይደርሰዋል። መተግበሪያው አይወድቅም፤ መልሱ ብቻ ትንሽ ይበላሻል። የፓይተኑ ፋይል ኤ ነው፣ የጃቫስክሪፕቱም ኤ ነው። ስህተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ በዚያ መካከል ደግሞ የሚለካ ኮድ የለም።

ትንሿ ጥቁር ሳጥን

በ2015 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኒፕስ በተባለው የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ የጉግል ባልደረቦች አንድ ጽሑፍ አቀረቡ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ዲ. ስከሊ ነው። ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉ በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። ትላልቅ ሳጥኖች ገጹን ሞልተውታል፤ ዳታ መሰብሰቢያ፣ ዳታ ማረጋገጫ፣ ኮንፊገሬሽን፣ አገልግሎት መስጫ፣ ክትትል። ከመሃላቸው በጭንቅ የምትታይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች፤ የማሽን ለርኒንጉ ኮድ እርሷ ናት። ጽሑፉ እንደሚለው በበሰለ ሥርዓት ውስጥ የማሽን ለርኒንግ ኮድ ቢበዛ 5 በመቶ ሲሆን፣ 95 በመቶው አንዱን ከሌላው የሚያጣብቅ ኮድ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊዎቹ የተነሡት ዋርድ ከኒንግሃም በ1992 ካስተዋወቀው «የቴክኒክ ዕዳ» ከሚለው ሐሳብ ነው፤ ዛሬ በጥድፊያ የተጻፈ ኮድ ነገ ከነወለዱ ይከፈላል የሚል። እነ ስከሊ የጨመሩት በማሽን ለርኒንግ ውስጥ ዕዳው ከኮዱ ውጭ እንደሚደበቅ ነው። ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ መተሳሰሩ ነው፤ አንዷን ነገር ስትነካ ሁሉም ይነካል። በተራ ሶፍትዌር አንድን ክፍል ከሌላው በግድግዳ መለየት ይቻላል። ሞዴል ግን ከሚገቡለት መረጃዎች የአንዱ ይዘት ሲለወጥ ለሌሎቹ ሁሉ የሰጠውን ክብደት ይለውጣል። ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትቀየር ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል።

ኮንፊገሬሽንም እንዲሁ ነው። «ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚባሉ አሥር ምርጫዎች ያሉት የማሠልጠኛ ኮድ በማኬብ ስሌት 11 ያወጣል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆንም የሚያስደነግጥ አይደለም። የምርጫዎቹ ጥምረት ግን 1024 ነው። ማኬብ ይደምራል፤ ምርጫዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ከነዚያ 1024 ፕሮግራሞች ውስጥ ተሞክረው የሚያውቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ምርጫዎቹ በሌላ የኮንፊግ ፋይል ውስጥ ከተቀመጡማ ቆጣሪው ወደዚያ ፋይል ዞር ብሎም አያይም።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለተተወ የኮድ መንገድ አደጋ ማስረጃ ሆኖ የተጠቀሰው ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ የደረሰበት ውድቀት ነው። ሥርዓቱ የማሽን ለርኒንግ ባይሆንም፣ የተተወ ኮድ ሳይነቀል ሲቀር ምን እንደሚያመጣ ከርሱ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ቀኑ ረቡዕ፣ ኦገስት 1 ቀን 2012 ነው። ናይት ካፒታል የአክሲዮን ትእዛዝ ወደ ገበያ የሚያስተላልፍ ፈጣን ፕሮግራም አለው፤ የሚሠራውም በስምንት ሰርቨሮች ላይ ነው። የኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ በዚያ ቀን ለሚጀምረው አዲስ አሠራር አዲስ ኮድ በቀደሙት ቀናት ተጭኗል። ጫኚው ሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ሲጭን ስምንተኛውን ዘለለው፤ ሥራውን የተመለከተለት ሁለተኛ ሰው አልነበረም። አዲሱ ኮድ የሚነሣው በአንድ ምልክት ነው። ያ ምልክት ደግሞ ቀድሞ ፓወር ፔግ የሚባል፣ ከ2003 ጀምሮ ጥቅም ላይ ያልዋለ ሌላ ፋንክሽን ይቀሰቅስ ነበር። ፓወር ፔግ ግን ከኮዱ ውስጥ አልወጣም። ይባስ ብሎ፣ የተገዛውን አክሲዮን ቆጥሮ «በቃ» የሚለው ክፍል በ2005 ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ፓወር ፔግ ከዚያ በኋላ በትክክል ይሠራ እንደሆነ የሞከረው አልነበረም።

ገበያው ከመከፈቱ በፊት ፓወር ፔግን በስሙ የሚጠሩ 97 አውቶማቲክ ኢሜይሎች ለሠራተኞቹ ደረሱ። እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው አልነበረም። ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር የድሮውን ፋንክሽን ቀሰቀሰ። ከደንበኞች የመጡት ትእዛዞች 212 ብቻ ነበሩ፤ ፕሮግራሙ ግን «በቃ» የሚለው ስለሌለ ሳያቋርጥ መላክ ያዘ። ሠራተኞቹ መፍትሔ ሲፈልጉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ በዚህ ጊዜ ፓወር ፔግ በእነርሱም ላይ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ውሳኔ ይህን ሁሉ በዝርዝር አስፍሮ ኩባንያውን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል።

የዚያን ፕሮግራም እያንዳንዱን ፋንክሽን በማኬብ ብንለካው ምን እናገኝ ነበር? ምናልባት ጥሩ ቁጥር፣ ምናልባት መጥፎ። ሰርቨሩ የተዘለለ መሆኑን፣ ምልክቷ ሁለት ትርጉም መያዟን፣ ዘጠኝ ዓመት የተኛ ኮድ እንዳለ ግን የትኛውም ቁጥር አይነግረንም ነበር። ማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ቡድን ደግሞ ሥራው ሙከራ ስለሆነ እንዲህ ያለ የተተወ መንገድ በየሳምንቱ ይወልዳል። አዲስ ሐሳብ ይመጣል፣ አንድ «ከሆነ» ይጨመራል፣ ሐሳቡ አልሠራም ይባላል፣ «ከሆነ»ው እዚያው ይቀራል።

ደንቡን የሚጥስ ጥሩ ኮድ

እስካሁን ያየነው መለኪያው «ጥሩ ነው» ሲል ስህተት ሲኖር ነው። ተቃራኒውም አለ። በ2021 የወጣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት 74 የማሽን ለርኒንግ ፕሮጀክቶችን ፓይሊንት በተባለው የፓይተን ኮድ መፈተሻ ፈትሿል። ከታዩት ነገሮች አንዱ የስም አወጣጥ ደንቡ ከዚህ ዓይነት ኮድ ጋር አለመስማማቱ ነው። በሒሳብ ቀመር ውስጥ በአንድ ትልቅ ፊደል የሚጻፈው የዳታ ማትሪክስ ኮዱ ውስጥም እንዲያው ሲጻፍ ፓይሊንት ጥፋት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ቀመሩን ከኮዱ ጋር ለሚያመሳክር አንባቢ ግን የሚቀልለው እርሱ ነው። እዚያው ጥናት ላይ የተደጋገመ ኮድ ብዛት ጎልቶ ወጥቷል። በብዙ ቦታ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ለዚህ የሃጊንግ ፌስ ትራንስፎርመርስ የተባለው ላይብረሪ ጥሩ ምስክር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሞዴል በአንድ ፋይል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጻፋል፤ ከሌላ ሞዴል ጋር የሚመሳሰለው ክፍል እንኳ ይቀዳል እንጂ በጋራ አይያዝም። የትኛውም የድግግሞሽ መለኪያ ይህን አይቶ ይጮኻል። የላይብረሪው ሰዎች ግን በ2022 ምክንያታቸውን በይፋ አስረድተዋል። ተመራማሪ አንድን ሞዴል ሊረዳ ወይም ሊቀይር ሲፈልግ አንድ ፋይል ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አለበት፤ አዲስ ሞዴል ለመጨመር ተብሎም የድሮው ሞዴል መነካት የለበትም። የተቀዳው ክፍል ላይ ከየት እንደተቀዳ የሚገልጽ ማስታወሻ ይጻፋል፤ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ይፈትሻል። በ2024 አሠራሩን አሻሽለውታል፤ ጸሐፊው ከሌላው ሞዴል የሚለየውን ብቻ ይጽፋል፣ ሙሉውን ፋይል መሣሪያው ያመነጨዋል። አንባቢው የሚያየው አሁንም ያንኑ ሙሉ ፋይል ነው። ውስብስብነትን ሲመዝኑ «ለማን?» ብለው መጠየቃቸውን አደንቃለሁ።

«ለማን?» ሳይባል ቁጥሩ ብቻ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ከ10 የበለጠ አይፈቀድም በተባለበት ቡድን ውስጥ 24 ያወጣ ፋንክሽን በሦስት ይከፈላል፤ ሦስቱ የሚጠሩት በተመሳሳይ ስምና ቁጥር ነው፣ አንዱ ለሌላው አሥራ አንድ ነገር ያቀብላል፣ ብቻውን የሚነበብም የለም። ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል። ማንበቡ ግን ከበፊቱ የባሰ ይከብዳል።

ኮድ በየሳጥኑ ተጽፎ ሳጥኖቹ ለየብቻ ስለሚነሡበት ኖትቡክ ደግሞ አንድ ጥናት ይበቃል። በ2019 የታተመ ጥናት ከጊትሀብ ላይ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የጁፒተር ኖትቡኮችን ሰብስቦ ከነዚያ ውስጥ በቅደም ተከተል ሊነሡ የሚችሉትን እንደገና አስነሣቸው። ያለ ስህተት እስከ መጨረሻው የሄዱት 24 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቀድሞ የታየውን ውጤት መልሰው ያወጡት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በኖትቡክ ውስጥ ያለ ኮድ በአብዛኛው አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ የማኬብ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ያልተጻፈው ነገር ጸሐፊው ሳጥኖቹን በየትኛው ቅደም ተከተል እንዳስነሣቸውና የትኛው ላይብረሪ በየትኛው ስሪት እንደነበረ ነው።

ዝቅተኛው ነጥብ

ታዲያ ምን ይለካ? እስካሁን ካየኋቸው መልሶች ከሁሉ የሚያሳምነኝ የጉግል ባልደረቦች በ2017 ያቀረቡት ነው፤ መሪ ጸሐፊው ኤሪክ ብሬክ ሲሆን ስከሊም አለበት። 28 ፍተሻዎችን በአራት ክፍል መድበዋል፤ ስለ ዳታው ሰባት፣ ስለ ሞዴሉ ሰባት፣ ስለ መሠረተ ልማቱ ሰባት፣ ስለ ክትትሉ ሰባት። ፍተሻው በሰው እጅ ተሠርቶ ውጤቱ ከተመዘገበ ግማሽ ነጥብ፣ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ያስገኛል። ከጥያቄዎቹ መካከል ሥልጠናው ሲደገም ያንኑ ውጤት ይሰጣል ወይ፣ በሥልጠናና በአገልግሎት ጊዜ የሚገባው መረጃ በአንድ መንገድ ይዘጋጃል ወይ፣ አዲሱ ሞዴል ቢበላሽ ወደ ድሮው በደህና መመለስ ይቻላል ወይ የሚሉ አሉ። የስልኩ ሰንጠረዥ ያጎደለው ጥንድ የሚያዘው በሁለተኛው ነው።

የዚህ አሠራር ብልሃቱ መጨረሻ ላይ ነው። የአራቱ ክፍሎች ነጥብ አይደመርም፣ አማካዩም አይወሰድም፤ የሥርዓቱ ነጥብ ከአራቱ ዝቅተኛው ነው። ሞዴሉን ሰባት ጊዜ ፈትሾ ክትትሉን ጨርሶ የረሳ ቡድን የሚያገኘው 0 ነው። በጸሐፊዎቹ አነጋገር 0 ያገኘ ሥርዓት ለአገልግሎት የበቃ ሳይሆን ገና የምርምር ሥራ ነው። ቫን ዴርሰን በጠቋሚው ላይ ላነሣው ቅሬታ ይህ መልስ ሊባል ይችላል፤ ደካማው ክፍል በጠንካራው ጀርባ አይሸሸግም።

የማኬብን ቁጥር እኔ የምጠቀምበት ማኬብ ራሱ በተጠቀመበት መንገድ ነው፤ ሠሪዎቹ ከሚነግሩኝ ነገር አጠገብ አስቀምጬ። ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣና በየሳምንቱ የሚነካካ ፋይል ካለ መጀመሪያ እርሱ ይታያል። ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ሁለት ዓመት ያልተነካ ፋይል መጠበቅ ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥር ግን የትም ቦታ «ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ በማሽን ለርኒንግ ኮድ ውስጥ በተለይ። ቁጥሩ የሠራተኛ መገምገሚያ ሲሆን ደግሞ ከነጭራሹ ባይለካ እመርጣለሁ።

እነ ስከሊ በጽሑፋቸው መጨረሻ ካስቀመጧቸው ጥያቄዎች አንዱ አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል ምን ያህል ፈጥኖ ሥራውን ሊይዝ ይችላል የሚለው ነው። ይህን ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ሦስት ሰው ያለው ቡድንም ሊያደርገው ይችላል። ሞዴሉን ያልሠራ አንድ ሰው ይመረጥና ባዶ ኮምፒውተር ይሰጠው፤ ከጥሬው ዳታ ተነሥቶ አሁን አገልግሎት ላይ ያለውን ሞዴል መልሶ ያሠልጥን። የሠራው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይመልስለት እንጂ የቁልፍ ሰሌዳውን አይንካ። የተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ይጻፍ፤ ከዳታው ፋይሎች የመጨረሻው የትኛው ነው፣ ይህች 0.37 ከየት መጣች፣ ሁለተኛው ስክሪፕት ከመጀመሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ይህ ምርጫ ለምን «አይሁን» ተባለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ኮዱ ውስጥ ያልሰፈረ ነገር ነው፤ ወይ ወደ ኮዱ ይገባል፣ ወይ በፍተሻ ይያዛል፣ ወይ በጽሑፍ ይብራራል። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ይቀመጥና ይድገመው፤ የሁለቱም ዝርዝሮች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ይለጠፉ።